ምነው ከሳህ?

በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ አካባቢ፣ መንገድ ዳር ሚዛን አስቀምጦ ከሚውል ልጅ ዘንድ ቆሜ ተመዘንኩ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁና ቁጥሩን ለማንበብ ቁልቁል ብመለከት የታየኝ የሸሚዜ ቁልፍ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለውን አገር በሙሉ ቦርጬ ጋርዶታል። አጎንብሶ ያነበበልኝ ልጁ ነው። «98! ፋዘር፣ ተመችቶሃል!» አለኝ። አምስት ብር ሰጠሁት፤ ለመረቀ ሰው መልስ ስጠኝ አይባልም።

ከአንድ ሰዓት በፊት ክሊኒክ ውስጥ ተመዝኜ ነበር እኮ። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ በባዶ ሆዴ ደሜን አስመርምራ ስኳሩ 148 መሆኑን፣ ከ126 ጀምሮ ያለው የስኳር በሽታ እንደሚባል ነገረችኝ። «መድኃኒቱን እሰጥዎታለሁ፤ ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው» ብላ በእስክሪብቶዋ ወደ ሆዴ ጠቆመች። ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ ሁለተኛ ምስክር መፈለጉ አይቀርም። የእኔ ምስክር የመንገድ ዳሩ ልጅ ሆነ። ሁለቱም ያዩት አንድ ቁጥር ነው፤ እሷ እንደ ክስ አነበበችው፣ እሱ እንደ ምርቃት።

እንዴት እንደ ከሳሁ በመተረክ አንባቢን አላደክምም። በሻይ ላይ የማደርጋትን ሦስት ማንኪያ ስኳር ተውኩ፤ ቢራ ተውኩ፤ ሁለት እንጀራ የነበረው ግማሽ ሆነ። ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ ድረስ ጠዋት ቁልቁለቱን፣ ማታ ዳገቱን በእግሬ ያዝኩት። (ጾመኛ ነኝ፤ ጾም ያከሳል የሚል ሰው ካለ ግን የእኔን የጾም ማዕድ አላየም። ዘይት የተንጣለለበት ሽሮ፣ ፓስታ በዳቦ፣ ላዩ ላይ ሱፍ ፍትፍት። እኔ በጾም የወፈርኩ ሰው ነኝ።) የመጀመሪያዎቹን አራት ኪሎዎች ያራገፍኩት በአንድ ወር ተኩል ነው። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ሌላ አንድ ወር ፈጀብኝ፤ በታክሲ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

ማውራት የፈለግሁት ሰውነቴ ስላሳየኝ ነገር ነው። መጀመሪያ ይሄዳል ብዬ የጠበቅሁት ቦርጬን ነበር። ቦርጭ ግን እንደ ክፉ ተከራይ ነው፤ ልቀቅ ሲባል ከሁሉ በኋላ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ የሄደው ፊቴ ነው። ጉንጬ ጎደጎደ፤ ማጅራቴ ላይ የነበሩት ሁለት እጥፋቶች አንድ ሆኑ፣ ኋላም ጠፉ። ቀጥሎ ጣቶቼ። በሳሙና እንኳ አልወጣ ብሎ ሃያ ዓመት የኖረው የጋብቻ ቀለበቴ አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ተንሸራቶ ገንዳው ውስጥ ወደቀ። ባለቤቴ ክር ጠምጥማ መለሰችልኝ፤ ነገር ግን ፊቷ ደስ አላለውም። ሰዓቴ ከክንዴ ወደ እጄ መዳፍ መመላለስ ጀመረ። ቀበቶዬን ጫማ ሰፊው በወስፌ ሦስት ጊዜ በሳልኝ፤ በአራተኛው «ጋሼ፣ አዲስ ይግዙ፤ ይሄ ሊዞርዎት ነው» አለኝ። ጫማዬም ሰፋኝ። እግርም ይከሳል ለካ!

ብርዱ ደግሞ የማላውቀው ብርድ ነው። ስብ ለካ ካፖርት ኖሯል። የእንጦጦ ንፋስ ሃምሳ ዓመት ሲነፍስብኝ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አጥንቴ ድረስ ገብቶ አያውቅም። አጥንት ካልኩ አይቀር፣ የመሥሪያ ቤቴ ወንበር ከአጥንቴ ጋር ገና መተዋወቁ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እየተገላበጥኩ ነው የምቀመጠው። ሌሊት ማንኮራፋቴ ቆመ። ባለቤቴ እፎይ ትላለች ብዬ ስጠብቅ እሷ እንቅልፍ አጣች፤ ድምፄ ሲጠፋባት እየነቃች እጇን አፍንጫዬ ሥር ታደርጋለች፣ ትንፋሽ አለ የለም ብላ።

አንድ ሌሊት ተኝቼ ደረቴን ስዳስስ፣ የጎድን አጥንቶቼ ከሆዴ በላይ በሚገናኙበት ስፍራ አንድ ጠጣር ነገር አገኘሁ። የጣት ጫፍ ታክላለች። ስጫናት ታመኛለች። ትናንት አልነበረችም። ዕጢ ነው አልኩ በልቤ፤ ባለቤቴን ሳልቀሰቅስ፣ ልጆቹን ለማን እንደምተዋቸው ሳስብ ነጋ። ሐኪሟ በአንድ ጣቷ ነካ አድርጋት ሳቀች። የደረት አጥንት ጫፍ ናት፤ ማንም ሰው አለችው፤ ከእኔ ጋር ተወልዳ 54 ዓመት ከስብ ሥር ተቀምጣ ኖራለች። ከእርሷ በኋላ ብዙ እንግዶች መጡ፤ ከአንገቴ ሥር ያሉት ሁለት አጥንቶች፣ የዳሌዬ ጫፎች፣ በክንዴ ውስጥ የሚሮጡት ደም ሥሮች። የራሴን ቤት በርብሬ የማላውቃቸውን ዕቃዎች ያገኘሁ ያህል ነበር።

ስቡ የት ሄደ ለሚል ሰው መልሱ ገርሞኛል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች አስልተው እንዳሳዩት፣ አሥር ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው የተቃጠለ አየር ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ የቀረው ውኃ ነው። እንግዲህ እኔ አብዛኛውን ቦርጬን የተነፈስኩት ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ነው ማለት ነው። ከአጠገቤ ላለፉ ሁሉ ይቅርታ።

በየካቲት 84 ስገባ ሰላምታው ተለወጠ። በእኛ አገር «ወፈርክ» ማለት «እግዜር ይመስገን» ማለት ነው። «ከሳህ» ግን ጥያቄ ነው። «ምነው?» የምትለዋ ቃል ከፊት ትቀድመዋለች። «ምነው ከሳህ? ደህና ነህ?» ስኳር ነው ስል ይነቀንቃሉ፤ ሐኪም አዞኝ ነው ስል የበለጠ ይነቀንቃሉ። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት ደግ ሴት ከስብሰባ በኋላ ለብቻዬ ጠራችኝና የአንድ ጠበል ስም በጆሮዬ ነገረችኝ። ዕድር ላይ ደግሞ ለቅሶ ልደርስ ድንኳን ስገባ ሽማግሌዎቹ የሚያዩኝ ቀጣዩን ድንኳን የት እንደሚተክሉ እንደሚያስቡ ሰዎች ነው። ወጣቶቹ ብቻ «ጂም ገባህ እንዴ?» ይሉኛል።

ሽማግሌዎቹን አልቀየምም። የሚያስታውሱትን እኔም አስታውሳለሁ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሰሞን ኡጋንዳ ውስጥ ሕዝቡ በሽታውን «ስሊም» ብሎ ጠርቶት ነበር፤ ቀጭን እንደ ማለት። የእኛ ሕዝብ ስሙን ላለመጥራት «በሽታው» ብቻ አለው። በሰማንያዎቹ ዓመታት በሰፈራችን አንድ ሰው ከሳ ከተባለ ሌላ ነገር ማለት አያስፈልግም ነበር። ወደ እንጦጦ ጠበል የሚወጡት በእኛ በር ነበር የሚያልፉት፤ በነጠላ ተሸፋፍነው፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው።

ታላቅ ወንድሜ በ1989 ዓ.ም. ሲሞት 33 ዓመቱ ነበር። ወንድም ጋሼ ነበር የምንለው። የምርመራውን ውጤት ከሐኪም የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ለእናታችን እንዳልነግር አስማለኝ፤ እኔም «ሳንባ ነው» አልኳት። ሙሉ ውሸት አልነበረም፤ ሳንባውንም ታሞ ነበር። መጨረሻ ላይ ገላውን የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ ጉልበቱ ከጭኑ ይሰፋ ነበር፤ ከአንገቱ ሥር ያሉት አጥንቶች ውኃ ይይዙ ነበር። ሳጥበው ዓይኔን ግድግዳው ላይ ነበር የማደርገው። መድኃኒቱ በመንግሥት በኩል በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው።

አንድ ጠዋት ጢሜን ስላጭ መስተዋቱ ውስጥ ያ ፊት መጣ። ጉንጩ ይኸው፣ ጆሮው ከራሱ ተለይቶ መቆሙ ይኸው። ያን ያህል ዘመን ወንድሜን እንደማልመስል እናገር ነበር፤ ለካ ልዩነቱ ስቡ ኖሯል። መላጫውን አስቀምጬ ቆየሁ። የዚያን ዕለት ሁለት እንጀራ በላሁ።

እናቴ አዲሱ ገበያ ከእኅቴ ጋር ትኖራለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ሰውን የምትለየው በድምፅና በጥላ ነው። እኅቴን አስጠንቅቄ፣ ሁለት ሹራብ በላዩም ካፖርት እየደረብኩ እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። የፋሲካ ዕለት ሙቀት ነበር፤ ካፖርቱን አወለቅሁ። ጉርሻ ልታጎርሰኝ እጇን ስትዘረጋ ለመቀበል ጠጋ አልኩና ክንዴን ያዘችኝ። ጣቶቿ ክንዴን ዞረው ተገናኙ። ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችው።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የኔ ነዋ፣ እማዬ።»

«ያንተ አይደለም። እውነቱን ንገረኝ።»

«ስኳር ነው። ሐኪም ቀንስ ብላኝ ነው የከሳሁት። ደህና ነኝ።»

«ያኔም ሳንባ ነው ብለኸኝ ነበር» አለች።

እኅቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ መልስ አልነበረኝም። 27 ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ ይህ ነገር ተነስቶ አያውቅም። የምላት ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ለእውነት የሚሆነውን እምነት በ1989 ዓ.ም. ጨርሼዋለሁ። አንዱን እውነት ለማሳመን ሌላውን መናገር እንዳለብኝ ገባኝ፤ ሆኖም ያን ዕለት አልደፈርኩም። ዶሮውን በልቼ ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሁድ የስኳር መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ። አጠገቧ ተቀምጬ ጣቴን ወጋሁና ደሙን መለኪያው ላይ አደረግሁ። 104 አለ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ጥሩ ነው?» አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት፤ ስኳሩ የወረደው በመክሳቴም ጭምር መሆኑን አስረዳኋት። ስኳር ካልተያዘ በራሱ እንደሚያከሳ፣ የእኔ ግን እንደዚያ እንዳልሆነ ጨመርኩ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣ ጣቴን በጥጥ እንደ ያዝኩ፣ «ወንድም ጋሼ የሞተው በኤድስ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «አንሶላውን ማን ያጥበው ነበር መሰለህ? አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ አውቋል። አብሬህ እንዳላለቅስ የከለከልከኝ አንተ ነህ።»

ይህን ስትል አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቡና ተፈላ፤ እኔ ያለ ስኳር፣ እሷ በሁለት ማንኪያ። ሁለተኛው እንደ ቀረበ እኅቴን ጠርታ ከአልጋዋ ሥር ያለውን ሳጥን አስወጣች። በናፍታሊን የታጠነ ግራጫ ኮት አወጣችና በእጇ እየዳሰሰች ሰጠችኝ። «ልበሰው፤ አሁን ይሆንሃል» አለች።

የወንድሜ ኮት ነው። ኮቱ ሳጥን ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር። ለበስኩት። ትከሻው ወረደብኝ፤ ደረቱ ላይ አንድ እጥፍ ተረፈ፤ እጅጌው ጣቶቼ ላይ ደረሰ። 79 ኪሎ ብገባም እሱ ከእኔ ይሰፋ ነበር። እንዴት እንደ ረሳሁት አላውቅም። ወንድም ጋሼ እኮ በሰፈሩ ጠረጴዛ ለብቻው ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ነበር፤ እኔን አሥር ዓመት ሆኖኝ እንኳ ትከሻው ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያስታወስኩት ገላውን ያጠብኩትን፣ ያላየሁትን ሰው ብቻ ነው።

እናቴ ተነስታ የኮቱን ትከሻ በሁለት እጇ ዳሰሰች፤ ጨርቁ ከእኔ የተረፈበትን ቦታ እየያዘች።

«ሰፋህ አይደል?»

«ሰፋኝ። ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ አስጠብበዋለሁ።»

«ተወው» አለችኝ። «አታስነካው።»