ከውሻ ጋር በካሩራ ደን

እኛ ባደግንበት በደጋው አገር ውሻ የደጅ ጠባቂ ነው፤ ሌሊት ሲጮኽ ያድራል፣ ቀን በአጥር ጥላ ሥር ተኝቶ ይውላል። እረኛ ተከትሎ ወደ መስክ ይወርድ እንደ ሆነ እንጂ፣ አንገቱ ታስሮ ከጌታው ጋር ሲንሸራሸር ማየት የተለመደ አልነበረም። ስለዚህ ለሥራ ወደ ናይሮቢ በሄድን ጊዜ፣ ያስተናገዱን ሽማግሌ ወዳጃችን፣ «ሐኪሙ ሰውነትህን አንቀሳቅስ ይለኛል፤ እኔ ግን በየቀኑ ውሻዬን ይዤ እወጣለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ስፖርት አለ?» ሲሉን፣ ነገሩን በዓይናችን ለማየት ፈለግን። ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። ወዳጃችን የስኳር በሽታና የደም ብዛት ያለባቸው ሰው ናቸው፤ በመጨረሻው ምርመራም የስኳሩ መጠን አልቀነሰም ተብለዋል።

በማግሥቱ ማለዳ ሲምባ ከተባለው ውሻቸው ጋር ወደ ካሩራ ደን ሄድን። ካሩራ ከናይሮቢ መካከል በስተሰሜን የሚገኝ፣ ስፋቱ ከ1,000 ሄክታር የሚበልጥ ደን ነው። በውስጡ ወንዝና ፏፏቴ፣ ዋሻዎችም አሉበት፤ በዛፎቹም ላይ ጦጣዎች ይዘላሉ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. በመንግሥት ደንነት ተከልሎ ነበር፤ ነገር ግን በ1990ዎቹ ዓመታት መሬቱ ለሕንፃ ሠሪዎች መከፋፈል ጀመረ። ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ፤ በጥር ወር 1999 ዓ.ም. ከባልንጀሮቻቸው ጋር በዚያ ዛፍ ሊተክሉ ሲሄዱ ተደብድበው ቈሰሉ። እኒሁ ሴት በ2004 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ዛሬ ሽማግሌው ከነውሻቸው በሰላም የሚራመዱበት ጥላ ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም።

በደኑ ውስጥ ውሻን ያለ ማሰሪያ መልቀቅ ክልክል ነው፤ ሚዳቋና ሌሎች አራዊት ስለሚኖሩበት ደንቡ ተገቢ ነው። ሲምባም በማሰሪያው ሆኖ ፊት ፊት ይመራን ጀመር። መራን ማለት ግን ይከብዳል፤ አንዱን ግንድ ያሸታል፣ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን ያሸታል፣ እንደገና ይቆማል። ሰዓታችንን ይዘን ብንቈጥር፣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ 19 ጊዜ ቆመ። ወዳጃችንም በየማቆሚያው የድሮ ታሪክ እያወጉን፣ በመካከሉም የወጣትነታቸውን ዜማ ያንጐራጕሩ ነበር።

«ጋሼ፣ እያንጐራጐሩ የሚሄዱ ከሆነማ ገና ሽርሽር ላይ ነዎት» አልናቸው።

ይህን ያልነው ከራሳችን አፍልቀን አይደለም። ሐኪሞች የሚሰጡት ቀላል መለኪያ አለ፤ ይኸውም ሰው በመጠነኛ ጥረት ሲራመድ ትንፋሹ ይጨምራል፣ ለመነጋገር ይችላል፣ ለመዝፈን ግን አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መምሪያ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንዲያደርግ፣ ቢያንስ ሁለት ቀንም ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲጨምርበት ይመክራል። ቋንቋችንም ሁለቱን ነገር ለይቶ ያውቃቸዋል፤ ሽርሽር ሲል የዓይንና የመንፈስ ደስታ ነው፤ ፈጣን እርምጃ ሲል ግን የልብና የሳንባ ሥራ ነው።

ጋሼ ሳቁ፤ ነገር ግን ነገሩ ገባቸው። በተመለስንበት መንገድ ማሰሪያውን አሳጥረው ያዙና እርምጃቸውን አፈጠኑ። ሲምባ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ወዲያው ግን ጆሮውን አቁሞ ከጐናቸው ሶምሶማ ይል ጀመር። የጋሼ ወሬ አጠረ፣ ዜማው ቆመ፣ ግንባራቸውም በላብ ወዛ። ያው መንገድ፣ ያው ውሻ፣ ያው ሰው ሆኖ ሳለ ሥራው ግን ሌላ ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ብርቱ ዝናም ጣለ። እኛ በበኩላችን ቡና እየጠጣን ለመቀመጥ ቈርጠን ነበር። ሲምባ ግን ከደጃፉ ቆሞ አንዴ በሩን፣ አንዴ ጌታውን እያየ ያላዝን ጀመር። ጋሼ ጃንጥላቸውን አንሥተው፣ «እኔ ብቻዬን ብሆን እቀር ነበር፤ ይህ ግን መቅረትን አያውቅም» አሉን። ያን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን በውሻው ላይ የፈረድነው ፍርድ ከፊሉ ብቻ እውነት እንደ ነበረ ተረዳን። ስንቱ ሰው ነው ብርቱ ስፖርት ጀምሮ በሦስተኛው ሳምንት የተወው!

ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ብለን እንመልሳለን፦ ከውሻ ጋር መሄድ በራሱ በቂ ስፖርት አይደለም፤ ሊሆን ግን ይችላል። ውሻው ቀጠሮውን ይጠብቃል፤ ፍጥነቱ ግን የጌታው ዕዳ ነው። መጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ ለውሻው ማሽተቻ ይሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት የሰውየው ይሁን። ደረቱን የሚያመው ወይም የሚያዞረው ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ውሻውንም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ማስከተብ አይዘንጋ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሼ በላኩልን ደብዳቤ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እየወሰዱ እርምጃቸውንም እንዳላቋረጡ፣ የስኳሩም መጠን መቀነስ እንደ ጀመረ ገልጸውልናል። ሲምባ ግን አሁንም በዚያው ግንድ ሥር ይቆማል ይላሉ።