ሄዶ የተመለሰው ሐውልት

ሐውልት የሚቆመው ከቦታው እንዳይነቃነቅ ነው፤ ነገር ግን ሐውልትም መንገደኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአዲስ አበባ በስማቸው በሚጠራው አደባባይ የቆመው የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር መንገድ ሥራ ሲባል ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ተወሰደ። በዚያን ወራት የከተማው ሰው ሁለት ወገን ሆኖ ነበር፤ አንዱ «ለሁላችን ጥቅም ነውና ይነሣ፥ ይመለሳል» ሲል፥ ሌላው «አንድ ጊዜ ከተነሣ ማን ይመልሰዋል?» እያለ ይሠጋ ነበር። እኔም ከሚሠጉት ወገን ነበርሁ።

አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ናቸው። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ለወራሪው እንዲገዙና አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠየቁ፤ እርሳቸው ግን ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ አውግዘው፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ከነጻነት በኋላም ለመታሰቢያቸው ሐውልት ቆመላቸው።

ሐውልቱ ባልነበረበት ዘመን በዚያ ባለፍሁ ቍጥር የማየው የአፈርና የብረት ክምር ነበር። አንድ ቀን አንድ ተማሪ አጠገቤ ቆሞ «አባባ፥ እዚህ ሐውልት የቆመላቸው ሰው ምን ሠርተው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የማውቀውን ያህል ነገርሁት። ሐውልቱ ቆሞ ሳለ ግን ይህን ያህል ዓመት በአጠገቡ ስንመላለስ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ዓይን የለመደውን አያስተውልም፤ ያጣውን ግን ይፈልጋል። ስለዚህ የድንጋዩ መሄድ የአባታችንን ስም ወደ ሰው አፍ መለሰው።

በ2008 ዓ.ም. ሐውልቱ ወደ አደባባዩ ተመለሰ፤ ብዙ ሰውም ደስ አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከመመለሱ በኋላ ያለው ዘመን ነው። ሐውልቱ በቦታው ቆሟልና ዓይናችን ዳግመኛ ይለምደዋል፤ «ድንጋዩ አለ» ብለንም ነገሩን ለድንጋዩ እንተወዋለን። ሐውልት ስም ያስጠራል እንጂ ታሪክን አይተርክም። ድንጋዩን የሚጠብቅ ሹም አይጠፋም፤ ታሪኩን የሚጠብቀው ግን ካህኑ በዐውደ ምሕረት፥ መምህሩ በትምህርት ቤት፥ አባትም በማዕዱ ዙሪያ ነው።

እንግዲህ ሐምሌ 22 ቀን በመጣ ቍጥር፥ ልጆቻችን እስኪጠይቁን ድረስ ሳንጠብቅ እንንገራቸው።