ብልህ ዛፍ

ጥፋቱን በመሣሪያው ላላክክ አስቤ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው የማያውቀውን ነው የተናገረው፤ እኔ እያወቅሁ ዋሸሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። በ2013 ዓ.ም.፣ በኮሮናው ጊዜ፣ በየማለዳው ለወዳጆቼ በኢሜይል አጭር ደብዳቤ መላክ ጀመርኩ፦ አንድ ተረትና ምሳሌ፣ ከሥሩ ከ150 ቃል የማይበልጥ ወግ። ወዳጅ ለወዳጅ እያቀበለው ተቀባዮቹ 312 ደረሱ።

አጭር ስለሆነ ቀላል ነው የሚል ካለ ለአንድ ወር በየቀኑ ይሞክረው። በረጅም ጽሑፍ ውስጥ ደካማ ዐረፍተ ነገር ተሸሽጎ ያልፋል፤ በአጭሩ ውስጥ መደበቂያ የለውም። እኔ ደግሞ ከፈረቃ የምወጣው ዓይኔ ደም መስሎ ነው።

ጽሑፍ የሚያመነጨው መሣሪያ ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ለሕዝብ ሲወጣ «የሰነፍ ምርኩዝ» ብዬ ተሳልቄበት ነበር። ቆይቶ መሰሎቹ ሲበዙ ከእነርሱ አንዱን ስልኬ ላይ ጫንኩ። መጀመሪያ ፊደል እንዲያርምልኝ፣ ቀጥሎ ዐረፍተ ነገር እንዲያሳጥርልኝ፣ ከዚያ ወጉን እንዲጽፍልኝ፤ በመጨረሻ ተረቱንም ከእርሱ መለመን ጀመርኩ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አንዴ አንብቤ እልካለሁ። አንዴም ሳላነብ የላክሁበት ቀን አለ።

አንድ ማለዳ «አበው ‹ብልህ ዛፍ ጥላውን ለራሱ አያስቀርም› ይላሉ» አለኝ። ላክሁት።

ማታ ከአንድ ጡረተኛ መምህር መልስ መጣ። «ልጄ፣ ይህን ተረት አላውቀውም። የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ገልጬ ‹ዛፍ› ከሚለው ሥር ፈለግሁ፤ የለም። ደግሞስ የእኛ ሰው ዛፍን መቼ ነው ብልህ ያለው? ከየት አገኘኸው?»

በ1962 የታተመ ያን የሚያህል መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርደው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የእኔን የአንድ ደቂቃ ሥራ ሲያጣሩ ታዩኝ። ልክ ነበሩ። በአፍ የኖረ ተረት ጆሮ ላይ ይጣበቃል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አንዴ የሰማ አይረሳውም። የእኔ ዛፍ ግን ቤት አይመታ፣ ለዛ የለው፤ የባዕድ አገር ምርቃት ይመስላል። መሣሪያው መዝገብ ገልጦ አልመለሰልኝም። ካነበበው የጽሑፍ ክምር ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ይደረድራል። በአማርኛ ያነበበው ደግሞ ጥቂት ነው፤ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ ሲኖረው የአማርኛው 15,000 ገደማ ነው። ታዲያ ተረት አምጣ ሲሉት ባዶ እጁን አይመጣም።

ይህን ያኔም አውቅ ነበር። «ተሳስቻለሁ» ማለት አንድ ቃል ነው። እኔ ግን እንዲህ ጻፍኩ፦ «ጋሼ፣ ከአያቴ የሰማሁት ነው፤ በጎጃም ይባላል።»

አያቴ የመንዝ ሰው ነበረች፤ ጎጃምን ረግጣ አታውቅም። ከመቃብር ጠርቼ የሐሰት ምስክር አቆምኳት።

«አያትህ ካለች እሺ» አሉ፤ ነገሩም በዚያው ያለቀ መሰለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ፎቶ ላኩልኝ። የልጅ ልጃቸው ቅዳሜ በምትማርበት የአማርኛ ክፍል ተረት ይዛችሁ ኑ ተብለው፣ አያቷ የእኔን አስይዘዋት ሄዳለች። በአረንጓዴ ቀለም የተሣለ ዛፍ ነው፤ ብልህ ስለሆነ መነጽር አድርጋለታለች። ከሥሩ በተንጋደደ ፊደል «የጎጃም ተረት» ይላል። ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች አሉኝ።

ያን ፎቶ ስንቴ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ለዐሥራ አንድ ቀን ደብዳቤ አልላክሁም፤ ለተቀባዮቼም አሞኛል አልኳቸው፤ ያውም ሌላ ውሸት። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ለመምህሩ ሁሉንም ጻፍኩላቸው፦ መሣሪያውን፣ አውቶቡሱን፣ አያቴን። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ መሣሪያው በአንድም ቃል አልረዳኝም።

በሦስተኛው ቀን መለሱልኝ። «እኔስ ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር፤ አያትህን ስትጠራ ነው ዝም ያልኩት። ልጅቷን ግን ምን ልበላት?»

እስካሁን አልመለስኩላቸውም።