ለዕረፍት ነው የተባልነው ጉዞ

ቀሚስ ለማሳጠር በሰፈሬ ካለች አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ተራዬን ስጠባበቅ አንዲት ሱዳናዊት እናት ሰባት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ይዛ ገባች። ልጅቷ እናቷ የተጠመጠመችበትን ቶብ እየጎተተች በዐረብኛ «ወደ ቤታችን መቼ ነው የምንመለሰው?» ስትል ጠየቀቻት። እናት ፊቷን ሳታዞር «ቡክራ» አለቻት። ነገ ማለቷ ነው። ልጅቷ ትንሽ ዝም ብላ ያንኑ ጥያቄ ደገመች፤ መልሱም ያው ነበር። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ደንበኞች መካከል ንግግራቸው የገባኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ዐረብኛውን የተማርኩት እዚያው እነርሱ ከመጡበት ከተማ ነውና።

የወታደር ልጅ ነኝ። አባባ የሻምበልነት ማዕረግ በነበረው ጊዜ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ ካርቱም ውስጥ በወታደራዊ አታሼ ረዳትነት እንዲሠራ ተመደበ። እኔ የዘጠኝ፣ ወንድሜ የአራት ዓመት ልጆች ነበርን። እማዬ ደብረ ዘይት ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ቤተሰብ መነጣጠል የለበትም ተብሎ ተወሰነና ሥራዋን ለቃ ተከተለችው። ያን ጊዜ ይህ ነገር መሥዋዕትነት መሆኑ ለማናችንም አልታየንም። ባል ሲሾም ሚስት ሻንጣ ታዘጋጃለች፤ በቃ።

ከአዲስ አበባ ካርቱም ሁለት ሰዓት የማይሞላ በረራ ቢሆንም ለልጅ የሌላ ዓለም ያህል ሩቅ ነው። ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ከአርባ ዲግሪ ስለሚያልፍ ማታ ማታ አልጋችንን ወደ ጓሮ አውጥተን ከሰማይ በታች እንተኛ ነበር። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሣ አድማሱ እንደ ቡናማ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል፤ እማዬ መስኮቱን ሁሉ ዘግታ በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ትወትፋለች፤ እንዲያም ሆኖ በማግሥቱ ከትራሳችን ላይ አሸዋ እናራግፋለን። የዕረፍት ቀን ዓርብ በመሆኑ እሑድ ጠዋት ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት መሄድን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

አሁን ሳስበው አባባ ቢሮ ነበረው፤ ማዕረግ ነበረው፤ የሚያነጋግረው ባልደረባም አላጣም። እማዬ ግን የነበራት ገበያው ብቻ ነው። ጤፍ እንደ ልብ ስላልነበረ በማሽላ ዱቄት እንጀራ መጋገርን እንደ አዲስ ተማረች። መጀመሪያ ላይ እየተሰነጣጠቀ ሲያስቸግራት ምጣዱ አጠገብ ቆማ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ጠጋ ብዬ ምን ሆንሽ ስላት «ጢሱ ነው» አለችኝ። ምጣዱ ግን የኤሌክትሪክ ነበር።

ያዳነችን ጎረቤታችን ናት። ልጆቹ ሁሉ «ሐቦባ» ይሏታል፤ በሱዳን ዐረብኛ አያት ማለት ነው። ከደጃፏ ዚር የሚባለው ትልቅ የሸክላ ጋን ውሃ ተሞልቶ ይቀመጥ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ማንም ሳይከለክለው ቀድቶ ይጠጣል። እማዬን «ልጄ» ብላ ጠርታ ኪስራ የተባለውን ስስ የማሽላ እንጀራ አጋገር አሳየቻት፤ እማዬም በበኩሏ ቡና አፍልታ ትጠራታለች። ሁለቱም አገሮች «ጀበና» የሚለውን ቃል የሚጋሩ መሆናቸው የመጀመሪያው የጋራ ቋንቋቸው ሆነ። የሐቦባ የልጅ ልጅ እኩያዬ ስለነበረች ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲወርድ አብረን ገመድ እንዘላለን።

አባባ ዓርብ ዓርብ ነጩና ጥቁሩ ዓባይ ወደሚገናኙበት ሞግራን ወደሚባለው ስፍራ ይወስደን ነበር። በክረምት ወራት የእኛው ዓባይ ቀይ አፈር ይዞ ሲመጣ ሁለቱ ውሆች ጎን ለጎን ሲፈስሱ ቀለማቸው ይለያል። «ይህኛው ከጣና ነው የመጣው» ይለናል። ወንድሜ ውሃው ተመልሶ ወደ አገሩ የሚሄደው መቼ እንደሆነ ሲጠይቀው ሳቀ እንጂ አልመለሰለትም።

አባባ ብዙ ነገር አይመልስም ነበር። በቤታችን ሁለት ሕግ ነበር። አንደኛው፣ የወታደር ልጅ አያለቅስም። ሁለተኛው፣ የአባት ሥራ አይጠየቅም፤ ሰው ቢጠይቀንም «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ብለን እናልፋለን። ሁለተኛው ሕግ በሥራው ጠባይ የግድ ነበር። ነገር ግን እያደር ከሥራው አልፎ ወደ ማዕዳችን ገባ። መቼ እንደምንዛወር፣ ለምን ማምሸት እንዳበዛ፣ ለምን እንደተቆጣ መጠየቅ ቀረ።

በጥር ወር 1997 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የሰሜንና የደቡብ ሱዳን የሰላም ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን ዶክተር ጆን ጋራንግ ካርቱም ሲገቡ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው፤ በማግሥቱም በአንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሐቦባ «ከእንግዲህ ልጆቻችን ከጦር ሜዳ ይመለሳሉ» ብላ ጣፋጭ ስታድል ትዝ ይለኛል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሐምሌ 23 ቀን ጋራንግ ከኡጋንዳ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሄሊኮፕተር ወደቀና ሞቱ።

ዜናው በተሰማበት ሰኞ፣ ሐምሌ 25 ቀን፣ አባባ በጠዋት ወደ ሥራው ሄዶ ነበር። ረፋዱ ላይ ከሩቅ ጥቁር ጢስ ታየ፤ ቀጥሎም ጩኸትና ተኩስ። እማዬ «ሠርግ ነው» አለችን። በሱዳን ሠርግ ላይ ጥይት እንደሚተኮስ አውቃለሁ፤ በሰኞ ጠዋት ሠርግ እንደማይደረግ ግን እኔም አልስተውም። የአባባ ስልክ አይነሣም። ሐቦባ በጋራ አጥራችን ላይ መሰላል አስደግፋ ሦስታችንንም ወደ ግቢዋ አሻገረችንና ያን ሌሊት በእርሷ ቤት አደርን። የሰዓት እላፊ ስለ ታወጀ አባባ የመጣው በማግሥቱ ነው። በእነዚያ ቀናት በከተማዋ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አባባ ሦስት የአውሮፕላን ቲኬት ይዞ መጣ። «ለዕረፍት ነው፤ ዘመን መለወጫን ከአያታችሁ ጋር አክብራችሁ ትመለሳላችሁ» አለን። ገመዴን ለጓደኛዬ «እስክመለስ ያዥልኝ» ብዬ ሰጠኋት። መስከረም አልቆ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት ስመዘገብ እንደማንመለስ ገባኝ። የነገረኝ ሰው ግን የለም። ስጠይቅ «በሚቀጥለው ወር» እባላለሁ። አባባ በዓመቱ ዕቃችንን በካርቶን አሽጎ ሲመጣ «ሐቦባ ምን አለች?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለመሰናበት ጊዜ አልነበረም» አለኝ።

እማዬ የመምህርነት ቦታዋን አላገኘችም። ከመዋዕለ ሕፃናት በተተኪ መምህርነት እንደ ጀማሪ ነው የጀመረችው። እኔም ለብዙ ዓመታት ቂም የያዝኩት በእርሷ ላይ ነበር፤ ዋሽታኛለች ብዬ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የከተማዋን ፎቶግራፎች እያገላበጥኩ መንገዳችንን ፈለግሁ። ሁሉም ጢስና ፍርስራሽ ስለ ነበር አልለየሁትም። ያን ሰሞን እናቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ «ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እኔስ መቼ ተነገረኝ?» አለች ምስሩን ሳትተው። «ለዕረፍት ነው ብሎኝ ግማሽ ሻንጣ ይዤ ነው የወጣሁት። ሊጡን እንኳ አቡክቼ ነው የሄድኩት። የገባኝ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ አባትሽ ሲሰናበተኝ እጄን ይዞ ቆየ። እንዲያ አድርጎ አያውቅም።»

ጡረታ የወጣው አባባ ከወዲያ ሆኖ ይሰማን ነበር። «ብነግራችሁ ኖሮ ትሄዱ ነበር?» አለ። እማዬ ጥቂት አስባ «አንሄድም ነበር» ስትለው ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ግን አባባ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያን ዕለት ስልኬ የማይሠራበት ቦታ ሆኜ፣ ሞታችሁ ይሆናል ብዬ ነው ያደርኩት» አለ። በሃያ ዓመት ገደማ ይህን ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ቀድሞ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ቂሜ ይህን ያህል ዕድሜ አይኖረውም ነበር።

በልብስ ሰፊዋ ቤት ያቺ ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቅ ዝም ማለት አቃተኝና በተሰባበረ ዐረብኛዬ ልጅ ሳለሁ ካርቱም እኖር እንደነበር ነገርኳት። ዓይኗን አፍጣ «ተመለስሽ?» አለችኝ። እናቷ ደንግጣ አየችኝ። «አልተመለስኩም» አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ «ምን ትተሽ መጣሽ?» አለችኝ። ገመድ አልኳት። እርሷም «እኔ ድመቴን» አለችና ስለ ድመቷ ስታወራ እናቷ አጠገባችን መጥታ ተቀመጠች።

በሥራም ሆነ በችግር ከአገር አገር የሚዞር ቤተሰብ ሁሉ ሊነገር የማይገባው ምሥጢር ይኖረው ይሆናል። የወታደሩ ምሥጢር በቢሮው ይጠበቅ፤ ሚስት ግን ግማሽ ሻንጣ ይዛ መውጣት የለባትም፤ ልጅም ደኅና ሁኑ ሳይል መሄድ የለበትም። የምንመለስበትን ቀን የማናውቀው ከሆነ «አላውቅም» ማለት ይቻላል። ልጆች ይህን መልስ ይችሉታል። የማይችሉት «ነገ» እየተባሉ ማደግን ነው።