ያልጻፍኩት ትምህርት ቤት



ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማወጋችሁ ባሕር ማዶ ሄጄ ስላየሁት ድንቅ ነገር አይደለም። እዚሁ አገሬ ላይ ተምሬው፣ አፍሬበት ደብቄው ስለሄድኩትና እዚያ ስለጠቀመኝ ነገር ነው።

ተወልጄ ያደግሁት እስቴ ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ስማዳ ወደሚኖሩ አንድ ሸኽ ወስዶ ሰጠኝ። ሸኻችን በወጣትነታቸው በሽሎን ተሻግረው ወሎ ውስጥ ከሐሪማ ሐሪማ እየዞሩ የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ዘንድ አምስት ዓመት ተቀመጥኩ። ማለዳ ሉሕ ይዤ ቁርኣን እቀራለሁ፤ ረፋዱ ላይ ደብተሬን ይዤ የመንግሥት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። በመድረሳው ከፍ ያለው ደረሳ ጀማሪውን ያስቀራል። እኔም አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ሦስት ትንንሽ ልጆች ተሰጡኝ። ልጁ ሲሳሳት ሸኻችን የሚጠይቁት ልጁን ሳይሆን እኔን ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ እስቴ ተመልሼ ሁለተኛ ደረጃ ጨረስኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመረቅኩ፤ ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ላይ መምህር ሆኜ ተቀጠርኩ።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ፉልብራይት ነገረኝ። በአሜሪካዊው ሴናተር ፉልብራይት ሐሳብ አመንጪነት እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው ይህ ፕሮግራም፣ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህራንን ከልዩ ልዩ አገሮች ወስዶ ለአንድ የትምህርት ዘመን በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በረዳት መምህርነት የሚያሠራበት ክፍል አለው። ረዳቱ የሚያስተምረው የገዛ ቋንቋውን ነው፤ ጎን ለጎንም ኮርሶች ይወስዳል። ዓመቱ ሲያበቃ አገሩ ይመለሳል፤ በሕጉም መሠረት ሁለት ዓመት አገር ቤት ሳይቀመጥ ለኑሮ ተመልሶ መሄድ አይፈቀድለትም።

ቅጹ የተማርኩባቸውን ትምህርት ቤቶች እንድዘረዝር ይጠይቅ ነበር። አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ዩኒቨርሲቲ ብዬ ጻፍኩ። የስማዳዎቹን አምስት ዓመታት ዘለልኳቸው። ማንም ደብቅ አላለኝም። ያፈርኩት ራሴ ነኝ። ሉሕና አቧራ ለአሜሪካ ሰዎች ምን ይነግራቸዋል ብዬ ነበር።

አልሐምዱ ሊላህ፣ ተሳካልኝ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሄድኩ። በደረስኩ በሳምንቱ፣ ነሐሴ 15 ቀን፣ ዒድ አል-አድሓ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1963 ኢሊኖይ ውስጥ የተመሠረተው የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር እኔ በነበርኩበት ዩኒቨርሲቲም ቅርንጫፍ ነበረው፤ በአዳራሹ ከፓኪስታን፣ ከማሊና ከኢንዶኔዥያ ከመጡ ሰዎች ጎን ቆሜ ሰገድኩ። ሶላቱ እንዳለቀ ሁሉም ወደየክፍሉ ተበተነ። ማታ እናቴ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሥጋ ቀመስክ?» ብላ ነው። አዎን አልኳት። ዋሸሁ።

ክፍሌ ውስጥ ስምንት ተማሪዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ከማገዷ ብዙ ዓመታት በፊት በሕፃንነቷ የተወሰደች የእኛው ልጅ ነበረች። ወላጅ እናቷ በሕይወት መኖራቸውን ደርሳበታለች። ለምን አማርኛ መማር እንደፈለገች ስጠይቃት፣ «ከእናቴ ጋር ያለ አስተርጓሚ ለማውራት» አለችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ «እናቴ አለች» ብዬ ጻፍኩ። «በሕይወት አለች፣ ትኖራለች» ማለቴ ነው። ልጅቷ አላልታ አነበበችውና ቀና ብላ፣ «ምን አለች?» ስትል ጠየቀችኝ።

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። «ለ» ሲጠብቅ መኖር ነው፣ ሲላላ መናገር ነው ብዬ አስረዳሁ። ልዩነቱን ግን አልሰሙትም። ደግሜ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ አሁንም አልሰሙትም። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። እኛ በጆሯችን ስላደግንበት አናስበውም፤ ለእነርሱ ግን «ገና» የበዓሉ ስምም ሆነ «ገና ነው» የምንለው፣ «ዋና» በውሃ ላይ የሚዋኙትም ሆነ «ዋናው» የምንለው፣ ሁሉም አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ዲግሪ ያለኝ ሰው የገዛ ቋንቋዬን ማስተማር አቃተኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሸኻችን ትዝ አሉኝ። እሳቸው ዘንድ ሸዳ ያለበትን ፊደል በቸልታ ያለፈ ደረሳ አያልፍም ነበር። ያቺ ትንሽ ምልክት ፊደሉን አጥብቆ መያዝን ታዛለች፤ ሸኻችንም መሬቱን በበትራቸው መታ አድርገው እስኪያነሡት ድረስ በፊደሉ ላይ ያቆዩናል። ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ቤታቸው በእጅ የተጻፈ የድሮ መንዙማ ነበር። የወሎ ዑለማእ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል በሚጽፉበት በዐጀም የተጻፈ ነው። እዚያ ላይ ሸዳው በላሟ ራስ ላይ ተቀምጦ አይቻለሁ። አባቶቻችን የአማርኛውን ማጥበቅ ለዓይን በሚታይ ምልክት ሲጽፉት ኖረዋል ማለት ነው።

በማግሥቱ በሰሌዳው ላይ «አለች» ከሚለው ቃል «ለ» በላይ ሸዳ አስቀመጥኩ። ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ አድርጌ እስካነሣው ፊደሉን እንዲይዙት ነገርኳቸው። ስምንቱም ያዙት። ልጅቷ «እናቴ አለች» አለች፤ አጥብቃ።

ክፍሉ ሲበተን ዋናዋ መምህርት ይህን የማስተማሪያ ዘዴ የት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። ከነፋስ መውጫም ከዩኒቨርሲቲም አልነበረም። «ስማዳ፣ ቁርኣን ስቀራ» አልኩ። ቅጹ ላይ ያልጻፍኩትን ትምህርት ቤት ስም የጠራሁት ያኔ ነው። በሳምንቱ ስለ ዐጀም ለክፍሉ እንድናገር ጠየቀችኝ።

አንድ ሌላ ነገርም ተማርኩ። እዚያ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አፉን ይከፍታል፤ ይሳሳታል፤ ማንም አይስቅበትም። እኔ ነፋስ መውጫ ላይ ስልሳ ልጆች አስቀምጬ ስለ እንግሊዝኛ በአማርኛ ሳወራ ነበር የኖርኩት። ልጆቹ ሕጉን ያውቁታል፤ አፋቸው ግን አልተፈታም። ይህም ቢሆን ከመድረሳው የራቀ አይደለም፤ እዚያም ዝም ብሎ የሚቀራ ደረሳ የለም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ያገሬ ሰዎች «ሞኝ አትሁን፣ ቅር» አሉኝ። አልዋሻችሁም፣ ልቤ ተከፍሎ ነበር። አበሌ ከደመወዜ ይበልጥ ነበርና። ነገር ግን ቃል ሰጥቼ ነው የሄድኩት፤ ሦስቱ ትንንሽ ልጆችም ትዝ ይሉኝ ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ረመዳን አጋማሽ ላይ ተመለስኩ።

ስማዳ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ለሸኻችን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ላም ለማጥበቅ አሜሪካ ድረስ መሄድ ነበረብህ? ላም የሚጠብቅ እዚህ ሞልቷል!» ብለው ሳቁብኝ። ቅጹ ላይ እንዳልጻፍኳቸው ስነግራቸው ግን አልሳቁም። «እኔን አይደለም የደበቅኸው፤ ራስህን ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ክፍሌን ለወጥኩ። ስልሳውን በአሥር ቡድን ከፍዬ የበረታው የደከመውን ያስቀራል፤ የደከመው ሲሳሳት የምጠይቀው የበረታውን ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራት የሰፈር ልጆችን በአንድ ግቢ ሰብስቤ ታላቁ ታናሹን እንዲያስተምር አደረግኩ። ለዚህ ሕንፃም ወንበርም አያስፈልግም፤ ሸኻችንም አልነበራቸው።

ውድ ወላጆች፣ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ልጆቻችን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋው ስንቱን እንደሚያስቀር በክፍሌ አየዋለሁና ለእንግሊዝኛው መጨነቃችሁ ትክክል ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ «ለትምህርቱ ጊዜ ያግኝ» እያላችሁ ልጁን ከመድረሳ ስታስወጡት አያለሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ በተቃራኒው ታደርጋላችሁ። ልጁን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ አትበሉት። አንዱ ያስተማረው ሌላው በጨነቀው ቀን ሊደርስለት ይችላል። ከሁሉም በላይ በየትኛውም ትምህርት ቤቱ እንዲያፍር አታድርጉት።