ፎጣ የያዘው ልጅ

የንባብ ክፍል፦ ዮሐንስ 13፥1-17

ዛሬ የማካፍላችሁ ስለ ራሴ የሚያሳፍረኝን ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2019 እሁድ ነበር፤ እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አሞኝ አይደለም፤ ተቀይሜ ነው። እዚህ ስዊዘርላንድ በኪራይ አዳራሽ በምንሰበሰብባት ትንሽ ኅብረት ሦስት ዓመት ወንበር ደርድሬያለሁ፣ የማይክ ገመድ ጠቅልያለሁ። በዚያ ሰሞን የሰባኪ ተረኞች ዝርዝር ሲወጣ ከእኔ በኋላ የመጣ ወንድም ስም አለ፤ የእኔ የለም። “እስቲ ወንበሩን ማን እንደሚደረድረው አያለሁ” ብዬ ቀረሁና ቴሌቪዥን ከፈትኩ።

የባዝል የወንዶች ሜዳ ቴኒስ ፍጻሜ ነበር። ይህ ውድድር ሳንክት ያኮብስሃለ በተባለው አዳራሽ፣ በጣሪያ ሥር፣ በጠንካራ ወለል ላይ ይካሄዳል። ነፋስም ፀሐይም ስለሌለ ለተሸናፊ ሰበብ የለውም። ሮጀር ፌደረር አሌክስ ደ ሚኖርን 6 ለ 2፣ 6 ለ 2 አሸንፎ በተወለደባት ከተማ 10ኛ ዋንጫውን አነሳ።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ያ ታላቅ ሰው አለቀሰ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እሱ ራሱ በዚሁ ውድድር ኳስ አቀባይ ነበር። ሲያሸንፍም ኳስ አቀባዮቹን ፒዛ መጋበዝ ልማዱ ነበር።

ኳስ አቀባይ መረቡ አጠገብ አጎንብሶ ይጠብቃል። ነጥቡ እንዳለቀ ሮጦ ኳሱን ያነሳል፣ ለተጫዋቹ ያደርሳል፣ ተመልሶ ዝም ብሎ ይቆማል፤ በዚያን ጊዜ ፎጣም ያቀብል ነበር። ሥራውን በደንብ ከሠራ ማንም አያስተውለውም።

መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው “አየህ፣ ታገስ! አንተም አንድ ቀን መድረኩ ላይ ትወጣለህ” የሚል ሐሳብ ነበር። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየ፤ መንፈስ ቅዱስ ወቀሰኝ። ከእነዚያ ልጆች ስንቱ ሻምፒዮን ይሆናል? ምናልባት አንድም። ታዲያ የሮጡት በከንቱ ነው? ያለ እነርሱ እኮ ጨዋታው ይስተጓጎላል። ያን ጊዜ የእኔ በሽታ ገባኝ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ የደረደርኩት ወንበር ሳይሆን መሰላል ነበር። ለጌታ ሳይሆን ለተራዬ ነበር የማገለግለው።

ዮሐንስ 13ን ገለጥኩ። ጌታ ኢየሱስ ሥልጣን ሁሉ የእርሱ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ፎጣውን ያነሳው ይህን እያወቀ ነው። ለእርሱ ፎጣው ወደ ላይ መውጫ አልነበረም። ከሁሉ በላይ ሆኖ ሳለ ወዶ የመረጠው ሥራ ነበር። እኔ ልጥለው የቸኮልኩትን ጌታዬ ወገቡ ላይ ታጠቀው።

ባቡር ይዤ ሄድኩ። ስደርስ ፕሮግራሙ አልቆ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናታችን ወንበር ሲያነሱ አገኘኋቸው። እኔ የቀጣኋቸው እርሳቸውን ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣

“መጣህ ልጄ? በል ያንን ጥግ ያዝ” አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ወንበር እያጣጠፍኩ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጊዜ ሰብኬያለሁ፤ በአብዛኛው ግን ስሜ ዝርዝሩ ላይ የለም። አንዳንዴ ቅሬታው ይመለሳል፤ ያኔ ፎጣ የያዘውን ልጅ አስባለሁ፣ ከእርሱ አልፌም ፎጣ የታጠቀውን ጌታ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ስምህ ያልተጠራበት፣ ስምሽ ያልተነሳበት አገልግሎት የቱ ነው? ማንም ባያይ፣ ማንም ባያመሰግን እንቀጥልበታለን?

ጌታ ሆይ፣ መሰላሌን ውሰድልኝና ፎጣህን ስጠኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።