ጀማሪ የመምህሩን ቃና ለመምሰል ሊጨነቅ ይገባዋልን?

ይህ ጥያቄ ለአንዳንድ አንባቢ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። እኔን ግን ባለፈው ዓመት እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ እናቴንም ከማይገባ ወጪ ላይ ሊጥላት ጥቂት ነበር የቀረው። ስለዚህ የሙዚቃ መሣሪያ ለመማር ለምታስቡ ጓደኞቼ፣ እንዲሁም ልጆቻችሁ በየጓዳው የሚያሰሙትን ጩኸት በትዕግሥት ለምትችሉ ወላጆች፣ የደረሰብኝን እንደሚከተለው እገልጻለሁ።

ጊታር መማር የጀመርሁት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ጊታሩን የገዛችልኝ እናቴ ናት፤ የእቁብ ዕጣ በደረሳት ዕለት ለራሷ ቀሚስ ልታሰፋበት ካሰበችው ገንዘብ ላይ ቀንሳ ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ክሩም ናይለን ነው። መምህሬ ደግሞ በወጣትነታቸው ከባንድ ጋር ይጫወቱ የነበሩ የሠፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ልጅ አዋቂው «ጋሼ» ይላቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ እንቀመጥና እሳቸው አንድ አጭር ዜማ ይጫወታሉ፤ እኔም ያንኑ ተቀብዬ እደግማለሁ።

መከራዬ የጀመረው ከዚህ መቀባበል ነው። ዜማው ያው ነው፤ ጣቴ የሚያርፍበትም ስፍራ ያው ነው። የእሳቸው ድምፅ ግን ሞላ ብሎ፣ ለስልሶ፣ በረንዳውን አልፎ እስከ በሩ ድረስ ይሄዳል። የእኔው በቆርቆሮ ላይ እንደሚበተን ሽምብራ ይንኳኳል። የእሳቸውን በስልኬ እየቀዳሁ ማታ ማታ ከራሴ ጋር ሳስተያይ የቤት ሥራዬን የምረሳበት ጊዜ ብዙ ነበር።

በመጀመሪያ በክሩ አመካኘሁና አዲስ ክር ገዝቼ አሰርሁ። ለሁለት ቀን ያህል ደመቀ፤ ከዚያ በኋላ ያው ሆነ። ቀጥሎም የጋሼ የቀኝ እጅ ጥፍሮች ረዘም ያሉ መሆናቸውን አይቼ የእኔንም አሳደግሁ። ይህም ሦስት ሳምንት ከቈየ በኋላ በሰልፍ ላይ ጥፍር የሚመረምሩት መምህር እንድቈርጠው አዘዙኝ። (እሳቸው ይህን ሲያነቡ ምክንያቱን አሁን ይረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።) በመጨረሻ የቀረኝ ጊታሩ ራሱ ነበር። ጋሼ የሚጫወቱበት ከውጭ አገር የመጣ፣ የቈየ፣ እንጨቱም ያማረ ነው። ስለዚህ አንድ ማታ ለእናቴ፣ በዚህ ጊታር ሰው ልሆን አልችልም ስል ነገርኋት። እናቴ ወጡን ማማሰሏን ሳታቋርጥ፣ «የሚመጣው ዕጣ ለእኅትህ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር፤ ከሆነም እንግዲህ እናያለን» አለችኝ። ብትቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና ነገሩን ለጋሼ አወጋኋቸው። ምንም ሳይመልሱ ጊታሬን ከእጄ ወሰዱና የራሳቸውን ሰጡኝ። ከዚያም በእኔው ርካሽ ጊታር ያንኑ ዜማ ተጫወቱ። ያው የጋሼ ድምፅ ወጣ! በጥቂቱ ቀጠን ያለ ቢሆንም የእሳቸው መሆኑን ዐይኑን የጨፈነ ሰው ያውቀዋል። «በል፣ አሁን ተራው የአንተ ነው» አሉኝ። በዚያ በሚያምር ጊታር ላይ ያወጣሁት ድምፅ ግን፣ ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ያው የእኔው ሽምብራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሳዩኝ ነገር ሁሉ ስለ እጅ ነው። ክሩ በቀዳዳው አጠገብ ሲመታ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ክሩ ወደ ታሰረበት ወደ ብሪጁ ሲጠጉ ደግሞ ይሾላል። እኔ ሳላውቀው ሁልጊዜ በብሪጁ አጠገብ እመታ ነበር። ከዚህም በላይ በጊታሩ አንገት ላይ የተሰኩ ፍሬት የሚባሉ የብረት ዘንጎች አሉ። የግራ ጣቴን ከፍሬቱ አርቄ ስለምጫን ክሩ ይንጫረር ነበር፤ ልክ ከበስተኋላው ተጠግተው ሲጫኑት ግን በትንሽ ኃይል ጥርት ይላል። ጣቴንም ከጊዜው በፊት ስለማነሣ እያንዳንዱ ድምፅ ተቈርጦ ይቀራል። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ሁለተኛው ክሬ ከቅኝቱ ወርዶ ሳለ እኔ ስለ ቃና መጨነቄ ነው።

በፊዚክስ እንደ ተማርነው፣ በትክክል የተቃኘ አምስተኛ ክር ባዶውን ሲመታ በሴኮንድ 110 ጊዜ ይርገበገባል፤ ነገር ግን 220፣ 330፣ 440 እያሉ የሚወጡ ሌሎች ድምፆችም አብረውት አሉ። የእነዚህ መጠን እንደ አመታቱ ስለሚለያይ፣ ሁለት ሰዎች አንዱን ክር መትተው ሁለት ዓይነት ቃና ማውጣታቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

ጭንቀቱ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት በኋላ ስለ ጊታር ታሪክ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የሞተው ታላቁ የስፔን ጊታር ተጫዋች ፍራንሲስኮ ታሬጋ በመጨረሻ ዘመኑ ጥፍሩን ትቶ በጣቱ ሥጋ ብቻ ይጫወት ነበር። ደቀ መዝሙሩ ኤሚሊዮ ፑሆል የእርሱን መንገድ ተከትሎ ያለ ጥፍር ተጫወተ፤ ስለዚሁ ስለ ጊታር ቃና ጉዳይም ጽፏል። ሌላው ደቀ መዝሙር ሚጌል ዮቤት ግን በጥፍር ይጫወት ነበር። ሁለቱም ስመ ጥር ሆነዋል። በአገራችንም ቢሆን ትዝታን በዛወርቅ አስፋውም አስቴር አወቀም ዘፍነዋል፤ የአንዷን ከሌላዋ የሚያሳስት ጆሮ ያለ አይመስለኝም።

ጋሼ «ስለ ቃና አትጨነቅ፤ በጊዜው ይመጣል» ይሉኛል። ታላቅን መቃወም ድፍረት ባይሆንብኝ፣ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ባልጨነቅ ኖሮ በብሪጁ አጠገብ መምታቴንና ጣቴ ርቆ ማረፉን ዛሬም አላውቅም ነበር። የተሳሳትሁት የእጄን ጉድለት በእንጨትና በጥፍር ሳመካኝ በመክረሜ ነው። ጥርት ያለ፣ ከቅኝት ያልወጣ፣ ጊዜውን የጠበቀ ድምፅን ጀማሪም ከመጀመሪያው ቀን ሊፈልገው ይገባዋል። የጋሼን ልስላሴ ግን ዕድሜ ልኩን የሠራ እጅ ነው ያወጣው፤ የእኔ እጅ ገና አንድ ዓመት ተኩሉ ነው።

በዚያው ማታ እናቴን፣ ጊታሩን ተዪው አልኋት። «ምን ተገኘ ደግሞ?» አለችኝ። የሆነውን ስነግራት ብዙ ሳቀች፤ ዕጣውም ለእኅቴ ሆነ። ክረምቱን በሙሉ በየማታው አንዲት ዜማ ብቻ በዝግታ ስጫወት ከረምሁ። ዛሬም ድምፄ የጋሼን አይመስልም፤ ሽምብራው ግን ቀርቷል። አራተኛው ክር ብቻ በሁለተኛው ፍሬት ላይ እስከ አሁን ይንጫረራል። ጋሼ «ጣትህ ነው» ይላሉ፤ እኔ ግን በዚህ አንድ ጊዜ እንኳ ጥፋቱ የጊታሩ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።